ለዳር ከተማው ሰው የጎደለው ሰፊ አስፋልት ነው? (የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ትራንስፖርት ነው። የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱ፣ የቦሌ አራብሳ፣ የየካ አባዶ እና የጀሞ ሰው በየጠዋቱ የሚያየውን መከራ ጸሐፊው በደንብ ገልጸውታል። እዚያ ድረስ አብረን ነን። የተለያየነው መፍትሔው ላይ ነው። እሳቸው እንደሚሉት የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር እና ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር የሚባሉት ነገሮች የመሃል ከተማ ማሳመሪያ ናቸው። ለዳር ከተማው የሚያስፈልገው ሰፊ አስፋልት፣ ማሳለጫ እና ሰው በቀላሉ የሚገዛው መኪና ነው። ለዚህም ምክንያት ደርድረዋል። ርቀቱ በእግር አያስኬድም፤ መንገድ ሲሰፋ መጨናነቅ ይቀንሳል፤ ከተማችን ዳገት ናት፣ ክረምቱም ከባድ ነው፣ ስለዚህ ብስክሌት አይሆንም፣ የተሠራውም የብስክሌት መስመር ባዶ ነው፤ እግረኛው የሚሞተው ድልድይ እያለለት አስፋልት ስለሚያቋርጥ ነው፤ የሕዝብ ትራንስፖርቱን በባቡሩ አይተነዋል፣ አላዋጣም፤ በዚያ ላይ ገንዘብ የለም።

እኔ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ጽሑፉን ያነበቡ ጎረቤቶቼ «ልክ ነው፣ መንገዱ ይስፋ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው መፍትሔ የተባለን ነገር ሁሉ ይቀበላል። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ነጥቦቹን በየተራ እንያቸው።

ከርቀቱ ልጀምር። ማንም ሰው ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ በእግሩ ይሂድ አላለም። ጸሐፊው ያልቆጠሩት ነገር አለ። ታክሲውም ሆነ አውቶቡሱ በራችን ድረስ አይመጣም። ከብሎካችን እስከ ዋናው አስፋልት የምንሄደው በእግራችን ነው። ከወረድንም በኋላ እስከ መሥሪያ ቤታችን በእግራችን ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ እናቶች ወፍጮ ቤትና ገበያ ደርሰው የሚመለሱት በእግር ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ላለው ጊዜ ያወጣችው የሞተር አልባ ትራንስፖርት (የእግርና የብስክሌት ጉዞ) ስትራቴጂ ራሱ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ 54 በመቶው በእግር የሚደረግ መሆኑን አስቀምጧል። 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት ነው። በግል መኪና የሚሄደው 15 በመቶው ብቻ ነው። ታክሲና አውቶቡስ የሚሳፈረውም ሰው ጉዞውን የሚጀምረውና የሚጨርሰው በእግሩ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ 85ቱ ጉዞ የእግረኛ መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው የሚነካ ነገር እንዴት ማሳመሪያ ይባላል?

እስቲ ሐምሌ ላይ የእኛን ሳይት መንገድ እንየው። ኮብልስቶን የለበሰው መንገድ በሆነ ቦታ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቀይ አፈር ነው። አንዱ ለቧንቧ፣ ሌላው ለኬብል ቆፍሮት ሄዷል፤ መልሶ የደፈነው የለም። የጎርፍ ዲቹ ክዳን የለውም፤ ውኃ ሲሞላ ዲቹና መንገዱ አይለዩም። ሴቶች የሥራ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው በኮንጎ ጫማ ይወጣሉ። ፌርማታው አጠገብ ጀሪካን ውኃና ብሩሽ የያዙ ልጆች ተደርድረዋል። ሰዉ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጭቃውን ያሳጥባል፣ ጫማውን ይቀይራል፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ ይሮጣል። የጭቃውን ጫማ መልሶ በፌስታል ቋጥሮ ቢሮ ይዞት የሚገባ ብዙ ነው። ማታ ደግሞ ይብሳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከታክሲ የወረደች ልጅ የመንገድ መብራት በሌለበት፣ በሁለት በኩል በቆርቆሮ በታጠረ ባዶ ቦታ መሃል አልፋ ነው ቤቷ የምትገባው። ጎረቤቴ ልጇን ለመቀበል በየምሽቱ እስከ አስፋልቱ ትወጣለች። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ስድስት መስመር አስፋልት አይጠቅመውም። ክዳን ያለው ዲች፣ ንጣፍ እና መብራት ግን ኑሮውን ይለውጠዋል።

የኮሪደር ልማቱ በመሃል ከተማ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አምጥቷል። ያ ጥሩ ነው፤ ሰዉ ማታ ማታ ወጥቶ ሲንሸራሸር አይቻለሁ፣ ደስ ይላል። ጥያቄዬ ያው ሥራ ለምን ወደ ዳር አይመጣም የሚል ነው። ጸሐፊው ግን መሃል ላይ ብቻ በመሠራቱ ለዳር አያስፈልግም ብለው ደመደሙ። ይሄ የተገላቢጦሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባቸው ልምጣ። መንገድ ሲሰፋ መጨናነቅ ይቀንሳል ይላሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። መጀመሪያ ግን የጠዋቱ ችግር ምን እንደሆነ እንለይ። በእኛ ሰፈር ሰዉ ጊዜውን የሚያጠፋው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ታክሲ ተራው ላይ ቆሞ ነው። ሌላው ተሳፍሮ መንገድ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ለየብቻ እናስባቸዋለን፤ አንዱን «የታክሲ እጥረት»፣ ሌላውን «የትራፊክ መጨናነቅ» እንላቸዋለን። ሁለቱ ግን አንድ ናቸው።

ለምን ቢባል፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሲታገት ወደ እኛ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። አንድ አውቶቡስ መሃል ከተማ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ፈጀበት እንበል። ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከእኛ ሰፈር የሚጭነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሲመጣ ሰዉ አርፍዷል። ያው አውቶቡስ መስመሩ ተለይቶለት በአንድ ሰዓት ተኩል ቢመለስ ሁለት ጊዜ ይጭናል። አንድም ተጨማሪ አውቶቡስ ሳይገዛ፣ አንድም ተጨማሪ ሹፌር ሳይቀጠር፣ የምናገኘው ወንበር እጥፍ ይሆናል። ሰልፉም በዚያው ልክ ያጥራል። ሚኒባሱም እንዲሁ ነው። ታክሲዎች በታፔላው ላይ የተጻፈውን መስመር ቆራርጠው የሚጭኑት፣ ሰዉን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያስከፍሉት፣ ረጅሙን መንገድ ሙሉውን ቢሄዱት መጨናነቁ ስለማያዋጣቸው ጭምር ነው። ይህን የምለው ረዳቶችና ሹፌሮች ሁሉ ትክክል ናቸው ለማለት አይደለም። ግን መንገዱ ሳይስተካከል በቅጣት ብቻ አይቆምም። እስካሁንም አልቆመም። ሰዉማ ወንበር ለማግኘት ብሎ ወደ ኋላ ተጉዞ፣ ለዚያም ከፍሎ፣ ታክሲው ከሚነሳበት ይሳፈራል።

እንግዲህ አስፋልቱን እናስፋ ቢባል የሚጨመረው መስመር ለማን ነው የሚሆነው? ጥያቄው ይሄ ነው። የከተማ መንገድ ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት አንድ ስሌት አለ። ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ መስመር ለመኪና ቢሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያንኑ መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ቢሰጡት ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። የእግረኛ መንገድ ቢያደርጉት 9,000 ያህል። አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው፤ ስፋቱም ያው ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «መንገድ ይጨመር» ሲሉ ተቃውሞ የለኝም። የሚጨመረው መስመር ግን የአውቶቡስ ይሁን።

በአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ ኬቲ የሚባለው አውራ ጎዳና 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራው ሲያልቅ የጎን መንገዶቹን ጨምሮ በአንዳንድ ቦታ 26 መስመር ደረሰ። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ብቻ የጠዋቱ የጉዞ ሰዓት በ30 በመቶ፣ የማታው በ55 በመቶ ጨመረ። መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረው፣ በሌላ መንገድ ይሄድ የነበረው ሁሉ እዚያው ገባ። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰባት ከተማ ያልቻለችውን እኛ በምን አቅማችን?

በነገራችን ላይ አንድ ነገር መረሳት የለበትም። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን ሰፈሩን መርጠን አልመጣንም። ቤቱ በዕጣ ነው የደረሰን። መኖሪያው ወደ ዳር ወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ጉዳይ የሚፈጸምበት ቢሮ መሃል ቀረ። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማል፣ ማታ ሁሉም ይመለሳል። ስለዚህ የትራንስፖርት እቅድ ስንል የመንገድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክሊኒኩ፣ ባንኩ፣ የክፍለ ከተማ አገልግሎቱ፣ ገበያው በእግር በሚደረስበት ርቀት ሲሆን ከነጭራሹ ታክሲ የማያስፈልገው ጉዞ ይበዛል። በብሎኮቹ ሥር ያሉት ሱቆች ይህንን አሳይተውናል። ድሮ ለዳቦና ለመድኃኒት ርቆ የሚሄድ ሰው አሁን ደረጃ ወርዶ ይገዛል። የአስተዳደር ወሰንም ሌላ ጣጣ ነው። ዙሪያችን ሸገር ከተማ ነው። ተሳፋሪው በቀን ሁለት ጊዜ ወሰን ያቋርጣል። የአውቶቡስ መስመሩ ወሰን ላይ እንዳይቆም ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ ማቀድ አለባቸው። ጸሐፊው ይህን አላነሱም፤ ቢያነሱት ኖሮ እዚህ ላይ እንስማማ ነበር።

ቀጥሎ ዳገቱ። አዲስ አበባ ዳገት ናት የሚለው ለእንጦጦ፣ ለሽሮ ሜዳ፣ ለጉለሌ እውነት ነው። እኛ ግን የምናወራው ስለ ዳር ሰፈሮች ነው። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቂሊንጦና ቡልቡላ ያለውን መሬት ያየ ሰው ሜዳ መሆኑን ያውቃል። የብስክሌት መሬት ነው። ከፍታውም ምክንያት አይሆንም። አስመራ ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሽማግሌው ሳይቀር ብስክሌት ይነዳል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ 2,600 ሜትር ላይ ሆና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መስመር አላት። ከአገራችን ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ማየት ነው። እዚያ ብስክሌት የድሃም የሀብታምም ነው፤ ተማሪውም ነጋዴውም ይነዳል።

ብስክሌት መስመሩ ባዶ ነው የሚለው ትዝብታቸው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። ከለቡ እስከ ጀሞ የተሠራውን ዓይነት መስመር እንውሰድ። መስመሩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ላይ ብስክሌተኛው ከሲኖ ትራክ ጋር ይጋፈጣል። በዳር ከተማ ግንባታ ስለማይቆም አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖ ሌሊትም ቀንም ይመላለሳል። ልጄን በዚያ መሃል ብስክሌት አስይዤ አልልክም፤ ማንም ወላጅ አይልክም። መስመሩ ሰፈርን ከፌርማታ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከገበያ ጋር ሳያቋርጥ ሲያገናኝ ነው ሰው የሚገባበት። ግማሽ የተሠራ ድልድይ ላይ ሰው ባለመኖሩ ድልድይ አያስፈልግም አይባልም።

ሌላም ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብስክሌት የት ይቀመጣል? አብዛኛው ብሎክ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው በየቀኑ ብስክሌት ተሸክሞ ደረጃ አይወጣም። ታች ቢያስረው እስከ ጠዋት መገኘቱን እርግጠኛ አይደለም። ጎማው ብቻ የቀረለት ልጅ አውቃለሁ። ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ የሚቆለፍ ማቆሚያ፣ ፌርማታው ጋ ደግሞ በክፍያ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ሌላ ማቆሚያ ቢኖር ነገሩ ይለወጣል። የጥበቃ ሥራው ለሰፈሩ ሥራ አጥ ወጣቶች ገቢ ይሆናል። የብሎክ ኮሚቴዎች ይህን ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ። ብስክሌቱ ቦሌ ድረስ መሄድ የለበትም። ከብሎክ እስከ ፌርማታ፣ ባጃጅ የምንከፍልበትን ያህል ርቀት ቢሄድ ይበቃል። በወር የባጃጅ ወጪያችንን የምናውቅ እናውቀዋለን።

ክረምቱ? ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው፤ ጠዋት ብዙ ቀን ያባራል። የሚያስቸግረው የዝናቡ ማግስት ጭቃ ነው። ጭቃው ደግሞ የሰማይ ጉዳይ ሳይሆን የዲችና የንጣፍ ጉዳይ ነው።

ስለ እግረኛው ያሉት ነገር በጣም አሳዝኖኛል። እግረኛ የሚሞተው በራሱ ጥፋት ነው ብለዋል ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እነዚህ የእኛው ሰዎች ናቸው። ድልድይ እያለ ለምን ያቋርጣሉ ለሚለው፣ ድልድዩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሸክም ይዞ መውጣት መልስ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ጤፍ የተሸከመ ሰው፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ይውረድ፣ መኪናው ግን ፍጥነቱን አይቀንስ ማለት ፍርድ ነው? ድልድዩ ከፌርማታው በራቀ ቁጥር ደግሞ የሚጠቀመው ያንሳል። ሰው የሚሻገረው መሻገር ባለበት ቦታ ነው፤ ዜብራውን እዚያ ማምጣት ነው።

መንገድ ሲሰፋ የሚሻገረው ርቀት ይጨምራል፣ የመኪናውም ፍጥነት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እግረኛ ቢገጭና 65 ሲሄድ ቢገጭ የመሞት ዕድሉ ከአራት እጥፍ በላይ ይለያያል። ያቺ የ15 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት ለሹፌሩ ጥቂት ደቂቃ ናት። ኬንያ የቲካን አውራ ጎዳና ሰፊና ፈጣን አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2012 ስታስመርቅ ሁሉም አደነቀ፤ መንገዱ ግን ለሁለት የከፈላቸው ሰፈሮች ሰዎች መሻገሪያ አጥተው ብዙ እግረኞች አልቀውበታል። እኛም ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ አጠገብ ነው ያለነው። ከፍጥነት መንገዱ የወጣ መኪና በዚያው ፍጥነቱ ሰፈር ውስጥ ይገባል። እዚህ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ዜብራ፣ መሃል ላይ የሚቆሙበት ደሴት፣ ጠባብ መታጠፊያ ነው። ለገሃርና ሰባተኛ አካባቢ ያሉ መስቀለኛ መንገዶች በቀለምና በመሰል ርካሽ ዕቃ ተስተካክለው አይተናል። ከማሳለጫ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ምንም ማለት አይደለም።

ባቡሩን በአጭሩ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ባቡር ችግር እንዳለበት አልክድም። ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ቆይተዋል። ግን ሰው ስላጣ አይደለም የቆሙት፤ የሚሠሩት ባቡሮች ውስጥ ሰው ታጭቆ ነው የሚሄደው። ደግሞም አንዱ መስመር አያት ላይ፣ ሌላው ቃሊቲ ላይ ያልቃል። ኮዬ ፈጬም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ አራብሳም አልደረሰም። ያልደረሰንን ነገር ሞክረን እንዳላዋጣን አድርገው መጻፋቸው ትክክል አይደለም። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተለየ መስመር የሚሄድ ፈጣን አውቶቡስ አላት። እኛም ከዊንጌት እስከ ጀሞ ይሠራል የተባለውን ስንጠብቅ ኖረናል። መጠየቅ ያለብን እሱ የት ደረሰ ብለን ነው።

መኪና በቀላሉ ይገዛ ለሚለውም፣ መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፣ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው። ዋጋውም ለኮንዶሚኒየም የባንክ ዕዳ ለሚከፍል ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም።

የቀረው ገንዘብ ነው። ገንዘብ የለም ብለው የአንድ ማሳለጫ ወጪ መጠየቅ አብሮ አይሄድም። እኔ የምጠይቀው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ በየሳይቱ ከብሎክ እስከ ፌርማታ ያለው መንገድ ይነጠፍ፣ ዲቹ ይከደን፣ መብራት ይተከል። ሁለተኛ ጠዋትና ማታ ባሉት የጭንቅ ሰዓታት ከዳር ወደ መሃል የሚወስደው አንድ መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ይከለል፤ ይህ ቀለም፣ መከለያ እና ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚፈልገው። ዜብራዎቹ አብረው ይሠሩ። ቁፋሮውም በበጋ ይጀመርና እስከ ግንቦት ይለቅ። ሰኔ ላይ የተቆፈረ መንገድ እስከ መስከረም እንደተቆፈረ ነው የሚቆየው። የሳይታችን ነዋሪዎች የትኞቹ መንገዶች እንደሚቀድሙ ለይተን ማቅረብ እንችላለን፤ ጸሐፊውም የጀሞና የአራብሳን ቢያክሉበት ለሚመለከተው አካል አንድ ላይ ይዘነው መግባት እንችላለን።